ጥላ የሚከተለው አልጋ

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በበጋው መጨረሻ፣ አሶሳ ውስጥ በገዛ ግቢያችን ነው። ብዙ ሰው ጨለማ ይፈራል። እኔ ከዚያ ወዲህ የምፈራው ቀትርን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ወፉ ሁሉ ዝም ብሎ፣ ቅጠል እንኳ አልነቃነቅ ባለበት ሰዓት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጽፌ ባስቀምጠው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ብርቄ እባላለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። መናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ስለ ጋኔንና ስለ ቆሌ ሲወራ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ። የምፈራው የመብራት መጥፋትን ብቻ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማል፣ የባለቤቱም ፊት ይጠቁራል።

እናቴ ዘርፌ ትባላለች። ነገሩ ከመድረሱ በፊት በነበረው ክረምት ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ጨርሶ ከዳት። ግራ እጇን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች እንጂ ራሷን ገልበጥ ማድረግ እንኳ አትችልም። ምላሷ ታሰረ። ማቃሰት እንኳ ቀረ፤ ከአፏ ድምፅ የሚባል ነገር አይወጣም። ዓይኖቿ ግን የድሮዎቹ ነበሩ። ስዘገይ ይቆጡኛል፣ ስቀልድ ይስቁልኛል። "አዎ" ማለት ስትፈልግ ዓይኗን ትጨፍናለች። እንደዚያ ነበር የምንነጋገረው።

አሶሳን የሚያውቅ ከጥር በኋላ ያለውን ሙቀት ያውቀዋል። ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ረፋዱ ላይ ውስጡ መንደድ ይጀምራል፤ ቀትር ላይ ግድግዳውን በእጅ መንካት አይቻልም። ማራገቢያ ገዝቼ ነበር፤ መብራቱ ግን እንደፈለገው ነው የሚሄደው። ሐኪሙ ደግሞ ፊት ለፊት ነግሮኛል። "ሙቀት እንዳይመታት ተጠንቀቂ። ሁለተኛ ከተመታች የምትተርፍ አይመስለኝም" አለኝ። እቤት ውስጥ ትቻት እንዳልሄድ ቤቱ ይገድላታል። የምታግዘኝ አንዲት የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ እሷም ባል አግብታ ባምባሲ ገባች። ሥራዬን እንዳልተው የምንበላው የለም። እናቴን የምንጠብቅ እኔና ማንጎው ብቻ ቀረን።

ማንጎውን የተከለው አባቴ ነው። ግቢያችን መሀል ነው ያለው፤ ቅጠሉ ከመደራረቡ የተነሳ ፀሐይ አያሾልክም። ጠዋት እናቴን ከሥሩ አንገሬብ ላይ አስተኛታለሁ። አንገሬብ በኛ አገር በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው። ነፋስ ከታችም ስለሚያገኘው ለሙቀት እሱን የሚያህል የለም።

ችግሩ ጥላ ቆይ ቢሉት አይቆይም። ጠዋት በምዕራብ በኩል፣ በመንገዱ ወገን ይዘረጋል። ቀትር ላይ ወደ ግንዱ ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ምሥራቁ አጥር ይሄዳል። ጠዋት ብርድ ብርድ ያለኝ ቦታ ስድስት ሰዓት ላይ እሳት ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓት በባጃጅ እየበረርኩ እመጣና አልጋውን ጎትቼ ወደ ምሥራቅ አሻግራለሁ፤ አበላታለሁ፣ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከቀረሁ እናቴ ፀሐይ ላይ ትውላለች። አትነሳ፣ አትጮህ።

የፈራሁት ቀን መጣ። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ሁሉ ማደያው ደጅ ተሰልፈው ነበር። አንዱ ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። መቆሙ እንደማያዋጣ ሲገባኝ ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ጀመርኩ። ሰፈራችን ከከተማው ዳር ነው። መንገዱ በዚያ ሰዓት ሰው የለበትም፤ ውሾቹ እንኳ ድልድይ ሥር ገብተዋል። እየሄድኩ የማስበው ፊቷን ነው። ፀሐይ ዓይኗ ላይ ስታርፍ ዓይኗን ከመጨፈን ሌላ ምንም ማድረግ አትችልም። መጨፈኗ ደግሞ "አዎ" ነው። ይህን እያሰብኩ አለቀስኩ።

የግቢውን በር የምቆልፈው ከውጭ ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንገቴ ላይ ይውላል። ከፈትኩና ጠዋት የተውኳት ቦታ ላይ አፈጠጥኩ። ቦታው ፀሐይ ብቻ ነው። አልጋው የለም።

ከዚያ ግንዱን አልፌ ሳይ አልጋው በምሥራቅ በኩል፣ ጥላው በጣም በወፈረበት ቦታ ላይ ቆሟል። እናቴ እላዩ ላይ ተኝታለች። ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ነጠላዋ እንኳ አልተዛነፈም። ራሴ ባዞረው ከዚያ በላይ አላስተካክለውም ነበር።

በዚያ ቀን ደስታዬ ፍርሃቴን ሸፈነው። አንድ ደግ ሰው በአጥር ዘሎ አሻገረልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ማታ ግን ማመስገን የሚገባኝን ሰው ልፈልግ ወጣሁ። በመንገዱ በኩል ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ናቸው፤ እሳቸውም የወሎ ሰው ናቸው።

"እኔ ቀኑን ሙሉ እርሻ ነበርኩ" አሉኝ። "ደሞስ ማን ነው ያንን አጥር የሚዘል? አናቱ ጦር እኮ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አብሽሪ ልጄ፣ ግን ቀትር ላይ ኸትልቅ ዛፍ ሥር ሰው አይተኛም። ባለቤት አለው። ጠበል እርጪበት።"

ሳቅሁባቸው።

ያልጠየቅሁት ጎረቤት አንድ ብቻ ነበር። በምሥራቅ በኩል የሚያዋስኑን እማማ ሐዋ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው። ከሳቸው ጋር ልጅ ሳለሁ ጀምሮ አንነጋገርም። ጠቡ የመጣው በዚሁ ማንጎ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ወደሳቸው ግቢ ያልፍ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ፍሬውን ሊያወርዱ ድንጋይ ይወረውራሉ፤ ድንጋዩ ቆርቆሯችን ላይ ያርፋል። እናቴ አንድ ቀን ተናዳ ቅርንጫፉን አስቆረጠችው። ሁለቱ ሴቶች በአጥር ላይ እስኪበቃቸው ተሰዳደቡና ማሉ። እናቴ በማርያም፣ እማማ ሐዋ በቁርአን። አንዳቸው የአንዳቸውን ግቢ እስከ ዕለተ ሞታቸው በእግራቸው ላይረግጡ። መሐላቸውንም ጠብቀዋል። የእማማ ሐዋ ባል ሲሞቱ እናቴ አልሄደችም፤ አባቴ ሲሞት እሳቸው አልመጡም። ስለዚህ እሳቸውን መጠየቅ አልታየኝም።

በማግስቱ ባጃጅ አገኘሁና በሰዓቱ ደረስኩ። አልጋው ተሻግሮ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን ቀደም ብዬ መጣሁ። ተሻግሯል። ከዚያ በኋላ እንዲሁ ሆነ። በየትኛውም ሰዓት ብመጣ ፀሐይ ልትነካት ስትል አልጋው ቀድሟት ሄዷል።

ግቢዬን ሁልጊዜ ጠዋት ውሃ ረጭቼ እጠርጋለሁ። ዶሮ እንኳ ብታልፍበት ዱካዋ ይታያል። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁ። የአልጋው እግሮች የተጎተቱበት አራት መስመር አለ፤ ከምዕራብ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ጠዋት በበሩ የወጣሁበት የራሴ ዱካም አለ። ሌላ የሰው እግር የለም። በመስመሮቹ አጠገብ የለም፣ ከኋላም የለም፣ ከፊትም የለም። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት።

በዚያው ምሽት እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ጠየቅኋት።

"ማን እንደሚያንቀሳቅስሽ ታውቂያለሽ?"

ዓይኗን ጨፈነች። አዎ።

"ሰው ነው?"

አልጨፈነችም። ዓይኗን ገልጣ ዝም ብላ አየችኝ። ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩላት። አሁንም አልጨፈነችም። ከዚያ ዓይኗ ቀስ እያለ ወደ ምሥራቁ አጥር ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ጨፈነችው። ምግብ ባቀርብላት፣ ብለምናት፣ ብቆጣት እስከ ጠዋት አልገለጠችውም። አጠገቧ ተኝቼ ስትተነፍስ ሳዳምጥ አደርኩ።

ይህን ለእትዬ ስንዱ አልተናገርኩም። ሥራ ቦታም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ሲወራ እብደት ነው የሚመስለው። ግን እናቴን እንዲህ ትቼ መሄድም አልቻልኩም። ዛሬ ወደ ጥላ የወሰዳት ነገር ነገ ወዴት እንደሚወስዳት በምን አውቃለሁ? ራሴ በዓይኔ ለማየት ቆረጥኩ።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። እናቴን እንደ ወትሮው አስተኛኋት፣ "ደህና ዋይ" አልኳት፣ በሩን ከውጭ ቆለፍኩ። ከዚያ ዞሬ በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ባለች፣ እኔ ብቻ በማውቃት የአጥር ቀዳዳ በሆዴ ተስቤ ገባሁና እቤት ውስጥ ተደበቅሁ። መስኮቱን በጣት ስፋት ብቻ ገርበብ አደረግሁት።

ሙቀቱን መናገር ይከብደኛል። ላቤ በዓይኔ ውስጥ እየገባ ያቃጥለኛል። ረፋዱ አለፈ። መጀመሪያ ርግቦቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ከመንገዱ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ከመስጊዱ የቀትሩ አዛን ተሰምቶ ሲያበቃ ዓለም ባዶ የሆነ መሰለኝ። የማንጎው ቅጠል አንድም አይነቃነቅም። የፀሐዩ ጠርዝ መሬት ለመሬት እየመጣ የአልጋውን እግር ነካ። ከዚያ ነጠላውን። ከዚያ የእናቴን የእግር ጣቶች። ወጥቼ ልጎትታት እግሬ ተነስቶ ነበር።

ያኔ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

አንድ ስንዝር ሄደና ቆመ። እንደገና ሄደ። እናቴ ከነነጠላዋ እላዩ ላይ እንደተኛች፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ መሬቱን እየጫረ ይሄዳል። ገርር ይላል፣ ያርፋል። ገርር ይላል፣ ያርፋል። በስመ አብ ልል አፌን ብከፍት ምላሴ አልታዘዘኝም፤ እንደ እናቴ ሆንኩ። እሷ ግን አትፈራም። ፊቷን አየሁት፤ ሌላ ሰው የሚያዋራትን ይመስል ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

ምን እንዳስወጣኝ አላውቅም። በሩን በርግጄ ሮጥኩና አልጋውን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ኋላ ያዝኩት። የያዝኩት አልጋ ወደ ፊት ሳበኝ። ጥርሴን ነክሼ ጎተትኩ፤ እሱም ጎተተ። በዚህ መሀል እግሬ ሥር ተመለከትኩ። አንድ ረጅም ቀርከሃ በምስጥ ከተበላው የአጥሩ ታችኛው ክፍል ገብቶ፣ መሬት ለመሬት ተዘርግቶ፣ በጫፉ ያለው ቆልማማ እንጨት የአልጋውን እግር አንቆ ይዟል። ማንጎ የሚወርድበት ዘንግ ነው። ቀለሙ አፈር ስለሚመስል ከመስኮት አይታይም፤ የሚጭረውም ከአልጋው መስመር ጋር ይቀላቀላል።

"ማነው?" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ከአጥሩ ማዶ የሚያለከልክ ሰው ሰማሁ። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ "ልቀቅ" አለኝ። "ፀሐይ እግሩ ላይ መጣ። ልቀቅ፣ ጥላ ውስጥ ይግባ።"

ለቀቅሁ። አልጋው ሁለት ጊዜ ተንገራገጨና ጥላው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ዘንጉ ከአልጋው እግር ተላቀቀና እየተንሸራተተ በአጥሩ ሥር ተመልሶ ወጣ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅም መጣብኝ፣ ለቅሶም መጣብኝ። ከዚያ በገባሁባት ቀዳዳ ተመልሼ ወጣሁና ዞሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልረገጥኩትን የእማማ ሐዋን ግቢ ረገጥኩ። የማልኩት እኔ አይደለሁማ። ዘንጉን አጥሩ ላይ አስደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጃቸው ተልጦ በጨርቅ ጠቅልለውታል። እግራቸው ላይ ወድቄ ሳምኳቸው። በበሩ እንዲገቡ፣ ቁልፍ እንደማስቀርጽላቸው ነገርኳቸው።

"አይሆንም" አሉኝ። "እኔ ቁርአን ይዞ ማለ። እግር እናንተ ግቢ አይገባም።" ዘንጉን በአገጫቸው አሳዩኝ። "ቀርከሃ አልማለም።"

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"እናቴን ይቅር አሏት ማለት ነው?" አልኳቸው።

እጃቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አጠበቁ። ከዚያ በዚያ ሴቱንም እንደ ወንድ በሚጠራ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው የነገሩኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ሙሳ በሽተኛ ነበር" አሉ። ሙሳ ባላቸው ናቸው። "እግር አይሄድም። ያ ቅርንጫፍ ለኛ ጥላ ይሰጣል። ሁልጊዜ አልጋ እዚያ ነው፣ ሙሳ እዚያ ነው። ዘርፌ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ተጣላን፣ ማልን። ከዚያ ገበያ ቀን መጣ። ጠዋት አልጋ አወጣሁ፣ እዚያው ቦታ አደረግሁ። እጄ ለምዷል። ቅርንጫፍ የለም፤ እጄ አላወቀም። ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ሙሳን ፀሐይ በልቶታል።"

አባባ ሙሳ በሕመማቸው እንደሞቱ ነበር ሁልጊዜ የማውቀው።

"ሙሳ ድምፅ ነበረው" ብለው ቀጠሉ። "ጠርቷል። ብዙ ጠርቷል። ማን ሰማ፣ ማን አልሰማ፣ አላህ ያውቃል። እኔ አልጠየቅሁም።"

እናቴ ያን ጊዜ እቤት ውስጥ ዳቦ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። በገበያ ቀን ከቤት አትወጣም ነበር። ይህን ላስበው አልፈለግሁም፤ ግን አሰብኩት።

"ብዙ ዓመት ሙሳ ዝም ብሏል" አሉ እማማ ሐዋ። "ዘርፌ እዚያ ከተኛ ጀምሮ ግን ቀትር ሲሆን በአጥሩ ማዶ ይጠራኛል። 'ሐዋ፣ ፀሐይ ደረሰ' ይላል። መጀመሪያ ጆሮዬን ያዝኩ። አልተወኝም። ዘንግ አስገባሁ፣ አልጋ ጎተትኩ። አልጋ ጥላ ሲገባ ሙሳ ዝም አለ። እና ሁልጊዜ እጎትታለሁ።"

ይህን የነገሩኝ ዝናብ ጣለ እንደሚል ሰው ተረጋግተው ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ሙቀት ተሸክሜ ብርድ ብርድ አለኝ። "ሰው ነው?" ብዬ ስጠይቃት እናቴ ዓይኗን ያልጨፈነችው ትዝ አለኝ። እሷም እዚያው ተኝታ ትሰማው ነበር ማለት ነው።

ወደ ቤት ተመለስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። "አልጋሽን የሚጎትቱት እማማ ሐዋ ናቸው" አልኳት። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ እጇ ጉንጯ ጋ ስለማይደርስ እኔ ጠረግሁላት። ያን የገበያ ቀን ግን አልጠየቅኋትም። ዓይኗን ጨፍና ትመልስልኝ ነበር፤ የፈራሁት እሱን ነው።

ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ዘንጉ ሥራውን ቀጠለ። እናቴ ሐምሌ ላይ፣ ቆርቆሮው በዝናብ እየተደበደበ፣ በእንቅልፏ አረፈች። የገደላት ሙቀት አይደለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ለቅሶ ላይ እማማ ሐዋ ከበራችን ውጭ፣ ጭቃው ላይ፣ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ዋሉ። ሰው ሁሉ ግቡ ቢላቸው እጃቸውን እያወዛወዙ እምቢ አሉ። አንገሬቡን ከቀብሩ በኋላ ጓዳ አስገባሁት።

የሚቀጥለው በጋ መጣ። አንድ የበዓል ቀን እቤት ነበርኩ። ቀትር ላይ ከውጭ የሆነ ነገር መሬት ሲጭር ሰማሁ። በመስኮት አየሁ። ዘንጉ በአጥሩ ሥር ገብቶ ባዶውን መሬት ይዳስሳል። ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የእናቴ አልጋ የነበረበትን ቦታ ነው የሚፈልገው።

እማማ ሐዋ አረጁና አእምሯቸው ሳተ ብዬ አዘንኩ። አጥሩ ጋ ሄጄ በለሰለሰ ድምፅ "እማማ ሐዋ፣ እናቴ እኮ አርፋለች" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ቀብር ሲሄድ አይቻለሁ። አልጋ የት ሄደ?"

"አባባ ሙሳ ዛሬም ይጠሩዎታል?"

"ሙሳ አይደለም። ሙሳ ዝም ብሏል፣ አረፈ። አሁን የሚጠራኝ ዘርፌ ነው።"

ወደ ማንጎው ዞርኩ። ጥላውና ፀሐዩ ብቻ ናቸው ያሉት። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። ሳልሸሽግ ልናገር፣ ከፍርሃቱ በኋላ የመጣብኝ ቅናት ነው። እናቴ በስትሮክ ከተመታችበት ቀን ጀምሮ እስክትቀበር ድረስ አንዲት ቃል ከአፏ አልሰማሁም። ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበር እየጠፋብኝ ነው። እሳቸው፣ ግቢዋን ላይረግጡ የማሉት ሴትዮ፣ በየቀኑ ይሰሟታል።

ጓዳ ገባሁና አንገሬቡን አወጣሁ። አቧራውን ጠርጌ ድሮ ጠዋት ጠዋት የማደርገው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ዘንጉ መጥቶ እግሩን አነቀና ባዶውን አልጋ ቀስ እያለ ወደ ጥላው ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ በሙቀቱ ወራት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አልጋውን አወጣለሁ። እትዬ ስንዱ አይተው አማተቡ፤ ያማትቡ። ስመለስ ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ አገኘዋለሁ። እማማ ሐዋ አርጅተው ነው፣ ወይስ እውነት ይሰማሉ፣ አላውቅም። አሁን ማወቅም አልፈልግም። ቀትር ላይ እዚያ ዛፍ ሥር ብቻዬን አልቆምም፤ ፍርሃቱ አለ። ማታ ግን ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አጥሩ ጋ ሄጄ "ዛሬ ምን አለች?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ፀሐይ ደረሰ አለ።"

ባለፈው ሳምንት ግን እማማ ሐዋ ቶሎ አልመለሱልኝም። በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል።

"ዛሬ ሌላ ነገር ጠየቀ" አሉኝ። "ብርቄ ከሥራ ገባ ወይ፣ አለ።"

አጥሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ገብታለች ይበሉልኝ" አልኳቸው።